ለዋንጫው የተሳልኩት ጉትቻ

ኅዳር ሚካኤል ዕለት በቦሌ ሚካኤል በኩል በእግሬ ማለፍ አልወድም። ባለፈው ግን የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተበላሽቶ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አካባቢ አራገፈን፤ ምርጫ አልነበረኝም። በየአጥሩ ሥር ቆሻሻው ተከምሮ ይነዳል። እርጥብ ቅጠል፣ አሮጌ ጫማ፣ የተቀደደ ፍራሽ። ጭሱ ዓይኔ ገባ። ሰው በጭስ ያለቅሳል እንጂ በጭስ አይፈራም፤ እኔ ግን ፈራሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የነበረው ፍርሃት ምንም ሳይቀነስለት ተመልሶ መጣ።

ዓመቱ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነው። የኅዳር ቆሻሻ በሚቃጠልበት ጠዋት፣ ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ሰው ከሰው በማይተያይበት ሰዓት፣ እማዬና ወንድሜ ሰለሞን ቁም ሣጥናችንን ገፍተው መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ አግድም አቆሙት። ከኋላው ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት ተፈጠረ። ፍራሽ ገባ፣ ብርድ ልብስ ገባ፣ ትንሿ ሬዲዮ ገባች፤ በመጨረሻ ሰለሞን ራሱ ረጃጅም እግሮቹን አጣጥፎ ገባ። እኔ ድብብቆሽ መስሎኝ ሳቅኩ።

እማዬ አልሳቀችም። ትከሻዬን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ።

"ሰለሞን የት ነው?"

"ቁም ሣጥኑ ኋላ።"

እጇ ተነሥቶ አየር ላይ ቀረ። "እንደገና። ሰለሞን የት ነው?"

"ናዝሬት። አክስቴ ጋ።"

"መቼ ይመጣል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ጎሽ" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ሰለሞን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማትሪክ አልመጣለትም፤ ሥራም የለው። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከሚዘምቱት ወጣቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል ብለው ለእማዬ የነገሯት የፋብሪካ ጓደኞቿ ናቸው። እማዬ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። አባታችን ሾፌር ነበር፤ በአሰብ መንገድ መኪና ተገልብጦበት የሞተው እኔ ገና በእግሬ ሳልሄድ ነው። ስለዚህ በቤቱ ያለን ሦስት ነን፤ ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ደግሞ፣ ለጠየቀ ሁሉ፣ ሁለት።

የሰፈሩ ወጣቶች እየተመናመኑ ነበር። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው የቀረ አለ። ከጓደኛው ሠርግ ሲመለስ ከነከረባቱ የታፈሰም አለ። የት እንደሚወሰዱ ማንም በግልጽ አይነግረኝም፤ እኔ ግን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ቤታችን ለአየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ሲነሣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል። የሚነሣው ሁሉ የሰፈራችንን ልጆች ጭኖ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። በታኅሣሥ የጎረቤት አገር ተጫዋቾች ለዋንጫ እየገቡ ነው ሲባል ደግሞ ሒሳቡ ሞላልኝ፤ የሚያርፈው ተጫዋች ያመጣል፣ የሚነሣው ልጅ ይወስዳል። ለምን እንዲህ እንደሚለዋወጡ ግን አልገባኝም።

ስለ ውድድሩ ሰለሞን ያወራው ማለቂያ አልነበረውም። የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ዋንጫ፣ እዚሁ እኛ አገር፣ እዚሁ ስታዲየም፤ በእግር እንኳ ቢኬድ የሚደረስበት። "እኔ ደግሞ እንደ አይጥ ግድግዳ ሥር!" ይላል። የሰፈራችን ቡድን ግራ ክንፍ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ያለውን የኖራ ግድግዳ በከሰል አስምሮ የአገሮቹን ስም ጻፈበት፤ ማን ማንን እንዳሸነፈ በየቀኑ ይሞላል። ሬዲዮዋን ድምፅዋን ዝቅ አድርጎ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል። ግን አይበቃውም። ማየት ይፈልጋል። የሚያየው ደግሞ በእኔ ዓይን ነው።

ከእኛ ቤት ሦስተኛው የጋሽ ሰማን ቤት ነው። ጋሽ ሰማን ከስልጤ የመጡ የሸቀጥ ነጋዴ ናቸው፤ የሰፈሩ ቴሌቪዥን የእሳቸው ነበር። ጨዋታ ባለ ቁጥር ሳሎናቸው በሰው ይሞላል፤ እኛ ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ የዘገየ በመስኮት። እኔ አይቼ እሮጣለሁ፤ ቁም ሣጥኑን በጥፍሬ ቧጠጥ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ምርመራው ይጀመራል።

"ጎሉን ማን አገባው?"

"ረጅሙ።"

"ሁሉም ረጅም ናቸው እኮ ትጌ! በየትኛው እግሩ?"

"በ... ቀኝ።"

"ከየት አካባቢ?"

"ከሣሩ ላይ።"

እየሳቀ ብርድ ልብሱን አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል። እውነቱን ለመናገር የትኛው እግር እንደሆነ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ቀኝ ያልኩት አንድ ቀን፣ ግራ ያልኩት ሌላ ቀን፣ ደስ እንዲለው ብቻ ነው። ፊቱ ከቀን ወደ ቀን እንደ ሻማ እየነጣ ነበር፤ ልብሱም የብል መድኃኒት ይሸታል። ስለ ኳስ ሲያወራ ግን የድሮው ሰለሞን ይሆናል።

አሁን ስለ ቀበሌው ሱቅ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሠራሁት ስሕተት አይገባችሁም። በዚያን ጊዜ ስኳርም ሳሙናም ክብሪትም የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በኩፖን ነው። ሌሊት ድንጋይ ደርድረን ተራ እናስይዛለን፤ ጠዋት የድንጋዩ ባለቤት ድንጋዩ ጋ ይቆማል። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ባለሱቁ ቀና ሳይል "የቤት ቁጥር?" ይላል። "ሦስት መቶ አሥራ ሁለት" እላለሁ። በቀይ እስክርቢቶ ጭረት ያደርጋል፤ አለቀ። አንድ ቀን እማዬ ከፋብሪካ ሳትመለስ ሳሙና መጣ ሲባል ሮጬ ተሰለፍኩና ወሰድኩ። እማዬ ኋላ ስኳር ልትወስድ ብትሄድ "ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዛሬ ወስዷል፤ ለአንድ ቤት አንድ ተራ ነው! የሚቀጥለው!" ብሎ መለሳት። ያን ወር ሻይ ያለ ስኳር ጠጣን። እማዬ አልተቆጣችኝም፤ ግን ባዶውን የስኳር ጣሳ ስትከድን ያየሁት ፊቷ ከቁጣ ይብስ ነበር።

ታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት እማዬ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄደች። ውድድሩ ተጋግሎ፣ የእኛ ልጆች እያሸነፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅበት ሰሞን ነው። እማዬ ደጀ ሰላሙን ተሳልማ፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጸሎቷን ጀመረች። የእሷ ጸሎት ረጅም ነው፤ ከአያቶቿ ጀምራ ነው የምትመጣው። እኔ ግን ልመናዬ አጭር ነበር። ሰለሞንን ደስ የሚያሰኘው ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ኢትዮጵያ ዋንጫውን ትብላ። ከበላች የክርስትና እናቴ የሰጠችኝን የብር ጉትቻዬን አስገባለሁ።" ቀጥዬም፣ እንዳይሳሳት ብዬ፣ "የቤት ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት" አልኩት።

ስንመለስ እማዬ ከብዙ ቀን በኋላ ፊቷ ፈታ ብሎ ነበር። እጄን ይዛ ዝቅ ባለ ድምፅ "ለሰለሞን ተሳልኩለት" አለችኝ። "ከዓይናቸው ከሰወረልኝ ጥላ አስገባለታለሁ። ሚካኤል እምቢ ብሎኝ አያውቅም።"

እዚያው መንገድ መሃል ቆምኩ። ቀድሜያታለሁ። እሷ ገና አያቶቿ ላይ ሳለች እኔ መስኮቱ ጋ ደርሼ፣ የቤታችንን ቁጥር ተናግሬ፣ ለኳስ ወስጄበታለሁ። ሚካኤል ቀዩን ጭረት አድርጓል። እማዬ ስትደርስ ምን ይላታል?

"ምነው ላበሽ?" አለችኝ እማዬ።

"ሞቆኝ ነው" አልኳት። በታኅሣሥ ብርድ።

ከዚያን ቀን ወዲያ እንቅልፍም ምግብም አልረጋ አለኝ። ለእማዬ ልንገራት እልና የስኳሩ ጣሳ ትዝ ይለኛል። ለሰለሞን ልንገረው እል ነበር፤ እሱ ግን ግድግዳው ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት አገሮች ጽፎ፣ ከሥሩ ድርብ መስመር አስምሮ፣ "ዚምባብዌን ካለፍናት ዋንጫው የእኛ ነው!" ብሎ ዓይኑ እያበራ ሲነግረኝ ምኑን እነግረዋለሁ። አንድ መውጫ ብቻ ቀረኝ። ኢትዮጵያ ከተሸነፈች የተሳልኩት አልተሰማም ማለት ነው፤ ተራችን ሳይነካ ለእማዬ ይቀራል። ስለዚህ በመላው አዲስ አበባ አገሯ እንድትሸነፍ የምትጸልይ አንዲት ልጅ እኔ ሆንኩ።

የፍጻሜው ዕለት የጋሽ ሰማን ሳሎን መተንፈሻ አልነበረውም። በሩ አጠገብ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ ተሰማ ጠመንጃውን ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። ጋሽ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከረሜላ ሲሰጠንም ያ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ስለሆነ ነው የምንፈራው። እኔ እግሩ ሥር ነበርኩ። እሱ ባለበት ቤት፣ ከሦስት ቤት ወዲያ ሰለሞን እንዳለ እያወቅሁ፣ ወደ እኛ ቤት አቅጣጫ እንኳ ላለማየት አንገቴን አደርቄ ተቀመጥኩ።

ዚምባብዌዎች አገቡ። ቤቱ በሙሉ ሲያቃስት እኔ "ተመስገን!" አልኩ። ጮክ ብዬ።

ጋሽ ሰማን ዞረው አዩኝ። "ምን አልሽ አንቺ?"

"ምንም።"

"የማን ደጋፊ ናት ይቺ?" አለ ጋሽ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ ቢጨንቀውም ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

ደቂቃው እየሄደ ነው። ሰው ፊቱን ይሸፍናል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። እኔ በልቤ "ይለቅ፣ ይለቅ፣ እንዲሁ ይለቅ" እላለሁ። ሊያልቅ ሲል የእኛዎቹ አገቡ። ጋሽ ተሰማ ብድግ ሲል የጠመንጃው ሰደፍ ጣቴን ጨፈለቀው፤ ሕመሙ የተሰማኝ ግን በማግስቱ ነው። አንድ ለአንድ ሆኖ ለፍጹም ቅጣት ምት ደረሰ።

ያኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ቅዱስ ሚካኤል፣ ያልኩህን ተወው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተሳስቶ ነው። ተራውን ለእማዬ አዙርላት። ጉትቻውን ግን ውሰደው።" ሰው ይጮኻል፣ ጸጥ ይላል፣ ይጮኻል። ማን እንደመታ፣ ማን እንደሳተ አላየሁም። በመጨረሻ የመጣው ጩኸት ግን ምን እንደሆነ ዓይን አያስፈልገውም ነበር።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ሰማን ዕንባዬን በጋቢያቸው ጠረጉልኝና "አይዞሽ፣ የደስታ ነው!" አሉኝ። ጋሽ ተሰማ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝና ወደ ውጭ ወጣን። ከየቤቱ ሰው ይፈልቃል። ድስት የሚመታ፣ ጡሩምባ የሚነፋ፣ መሬት የሚስም አለ። ከላይ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

ሰለሞን መንገዱ መሃል ነበር። በባዶ እግሩ፣ ፀጉሩ በግድግዳው ኖራ ነጥቶ፣ ሸሚዙን አውልቆ እያውለበለበ ይዘላል። ከወር በላይ አጣጥፎ ያስቀመጣቸው እግሮቹ መሬት የሚነኩ አይመስሉም ነበር። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ፤ እኔ ካላየሁት ጋሽ ተሰማም የማያየው ይመስል።

"ሰለሞን!" አለ ጋሽ ተሰማ።

"ጋሽ ተሰማ! በላን እኮ!"

"በላን! በላን!"

ተቃቀፉ። እኔ ከላያቸው፣ ጠመንጃው በመሃላቸው። ጋሽ ተሰማ የሰለሞንን ጉንጭ ደጋግሞ ሳመው። ከዚያ እኔን አወረደኝና ሁለቱንም ሕዝቡ ወሰዳቸው። እማዬ በራችን ላይ ቆማ ነበር። እልል አላለችም።

ሰለሞን ሲመለስ እማዬ ደረቱን በጡጫ መታችው፤ እሱ እየሳቀ ያዛት። "አቅፎኛል እኮ እማዬ! የሚያቅፍ ሰው አሳልፎ ይሰጣል?"

"ያቀፈህ እሱ አይደለም" አለችው፤ "ዋንጫው ነው።"

በማግስቱ እማዬ የምታውቀውን የጭነት መኪና ሾፌር አናገረች። ሰለሞን ቅዳሜ ከጆንያ መሃል ተሸሽጎ እውነትም ናዝሬት ሊሄድ ሆነ። እስከ ቅዳሜ ያሉት ቀኖች አያልፉም። በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬ የያዘችው ይወድቃል። አንድ ጊዜ ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ብትመጣ እኔ ሳልጠየቅ "ናዝሬት ነው!" አልኳት። ዋንጫ ተበልቷል፤ እኔ ግን ጉትቻዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ካልከፈልኩ ሚካኤል ተናድዶ ጭረቱን የሚሰርዘው መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋሽ ተሰማና የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች። ጋሽ ተሰማ ወደ መኝታ ቤቱ አልገባም፤ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ወለሉን እያየ "አስካለ፣ ልጁ ይልበስ" አላት።

"ናዝሬት ነው ጋሽ ተሰማ። አያውቁም እንዴ?"

"ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል አስካለ። እኔ ብቻ ባየው... ብደብቀው ነገ የሚጠየቀው የእኔ ልጅ ነው።"

እማዬ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ቁም ሣጥኑ ተንቀሳቀሰ። ሰለሞን ለብሶ ወጣ። "ተዪ እማዬ፣ አትለምኚው። መጣሁ ጋሽ ተሰማ" አለ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ሄጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

"ሶሌ፣ እኔ ነኝ። የቤታችንን ተራ ለኳሱ ወሰድኩት። ለሚካኤል ቀድሜ ነገርኩት፤ እማዬ ኋላ ደረሰች። እኔ ነኝ ያስያዝኩህ!"

ከምናገረው ምን ያህሉ እንደገባው አላውቅም። ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ "ይልቅ ንገሪኝ" አለኝ፤ "የመጨረሻዋን በየትኛው እግሩ መታት?"

"አላየሁም" አልኩት። "ጨፍኜ ነበር።"

"እኔም ጨፍኜ ነው የሰማሁት" አለና ተነሣ። ከዚያ ሄዱ።

የዚያን ዓመት ገና አልተከበረም ማለት ይቻላል። ቁም ሣጥኑ እንደቆመ ቀረ፤ እማዬ አላስነካም አለች። አንድ ቀን ማታ ከእሷ አጠገብ ተኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። የቤት ቁጥሩን፣ ጉትቻውን፣ "ተመስገን" ማለቴን። ዱላ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ጣራ ጣራውን ታይ ነበር።

"አንድ ለዜሮ ስንመራ" አለች፤ "ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሲያለቅስ ሰማሁት። ድምፁን ውጦ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳሳድገው እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ኳስ ምን አውቄ... 'ሚካኤል፣ ይቺን ብቻ ስጠው፤ ሌላውን ተወው' አልኩት።"

"ሌላውን ተወው አልሽው?"

"እንዲያ ነው ያልኩት። አፌን በቆረጠው።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋን አቀፍኩት፤ ከዚያ በላይ የማውቀው ማጽናኛ አልነበረም።

በጥምቀት ማግስት፣ ታቦተ ሚካኤል በሚገባበት ዕለት፣ እማዬ ነጭ ለብሳ አስነሣችኝ። በእጇ ዙሪያውን ራሷ ዘርፍ የሰፋችለት ጥላ አለ። "ጉትቻሽን አምጪ" አለችኝ። "የለመንነውን ሰጥቶናል። ስለት ተይዞ አይቀመጥም።" ሲወልቅ ቀዳዳው እንዳይደፈን ጆሮዬ ላይ ነጭ ክር አሰረችልኝ።

ስለት የሚቀበሉት ቄስ ጥላውን ዘርግተው አዩና "ስለምን ነው የተሳልሽው እናቴ?" ብለው ጠየቋት።

"ለኳስ ነው አባ።"

"ለምን?"

"ለኳሱ። ዋንጫውን በልተናል አይደል።"

ቄሱ እየቀለደች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አዩ። አልጠየቁም፤ ጥላውን አጥፈው፣ ጉትቻዬን ከመዳፌ አንሥተው አለፉ። ምእመኑ እልል ይላል። እማዬ እጄን ይዛ ግድግዳው ጋ ሄደች። ግንባሯን አስደግፋ ስትጀምር እኔም ሰለሞንን ልለምን አፌን ከፈትኩ። ሰማችኝ መሰለኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች።

"አንቺ ዝም በይ" አለችኝ በሹክሹክታ፤ "ተራው የእኔ ነው።"

ዝም አልኩ። አያቶቿን ዘልላቸው፣ የቤታችንን ቁጥር ተናገረች።